ሃምሳ አራት ጊዜ ያበላ ከንቲባ

ባለፈው እትም ለሌላ ጥያቄ መልስ ስሰጥ የኢንዶኔዥያውን የቀድሞ ፕሬዝዳንት ጆኮ ዊዶዶን በሁለት መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። «የቤት ዕቃ ይሸጥ ነበር፣ ከንቲባ ሆነ፣ ከዚያ አገር መራ» ብዬ። ወዲያው ደብዳቤው ጎረፈ። ዋናውን ጉዳይ ያነሳ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ስለ ሰውየው ነው የሚጠይቀው። እሺ፣ የዛሬው አምድ በሙሉ የእሱ ይሁን። ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው። ደግሞ ፕሬዝዳንት የነበረን ሰው «እሳቸው» ማለት ወግ ነው፤ ግን አገሩ ሁሉ «ጆኮዊ» ብሎ በቁልምጫ የሚጠራውን ሰው አንቱ ስለው ብዕሬ ይደናቀፍብኛል። «እሱ» እያልኩ ልቀጥል፣ ይቅር በሉኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቤት ዕቃ ነጋዴ እንዴት ብሎ ከንቲባ ይሆናል? ገንዘቡ ነው ወይስ ከጀርባው ሰው ነበረው? (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)

ገንዘብ ነበረው፤ ወንበር የሚገዛ ዓይነት ግን አልነበረም።

ጆኮዊ በ1961 የተወለደው ማዕከላዊ ጃቫ ውስጥ ሶሎ በምትባል ከተማ ነው። በካርታ ላይ ሱራካርታ ተብላ ነው የምትገኘው፤ ሰው ግን ሶሎ ነው የሚላት። አባቱ እንጨት ይሸጡ ነበር። ቤታቸው ወንዝ ዳር የተቀለሰ ደሳሳ ነገር ሆኖ፣ «ከዚህ ተነሱ» እየተባሉ ዕቃቸውን ተሸክመው የወጡበት ጊዜ ከአንድ በላይ ነው። ይህቺን ነገር ያዝልኝ፤ ቀጥሎ ትመጣለች።

ጋጃ ማዳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1985 በደን ሳይንስ ተመረቀ። (ባለፉት ዓመታት «ዲግሪው የውሸት ነው» የሚል ወሬ አገሩን ሲያምስ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የእኛ ምሩቅ ነው ብሏል፤ ፖሊስም በ2025 መርምሮ ትክክለኛ ነው ብሏል። ስለዚህ ጉዳይ የጻፋችሁልኝ አራት ሰዎች መልሳችሁ ይኸው።) ከዚያ ሱማትራ ጫፍ አቼ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ወረቀት ፋብሪካ ትንሽ ሠራና ወደ ሶሎ ተመለሰ። የቤት ዕቃ ማምረት ጀመረ፤ ወደ ውጭም ይልክ ነበር። «ጆኮዊ» የሚለውን ስም ያወጣለት አንድ ፈረንሳዊ ደንበኛው ነው። ጃቫ ውስጥ ጆኮ የሚባል ሰው እንደ አሸዋ ነው። ሰውየው የእሱን ጆኮ ከሌሎቹ ጆኮዎች ለመለየት ሁለቱን ስሞች አጣብቆ ጠራው፤ በዚያው ቀረ።

ለከንቲባነት ያበቃው ግን ከእሱ ብልሃት ይልቅ የሕግ ለውጥ ነው። ሱሃርቶ 32 ዓመት ሲገዙ ከንቲባ ማለት ከላይ የተባረከ ሹመኛ ማለት ነበር። እሳቸው በ1998 ወረዱ። በ2001 ሥልጣንና በጀት ከጃካርታ ወጥቶ ወደ አውራጃዎችና ከተሞች ወረደ። በ2005 ደግሞ ነዋሪው ራሱ ከንቲባውን በቀጥታ እንዲመርጥ ተደረገ። ከዚያ በፊት የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ነበር። ምክር ቤት ውስጥ ዘመድ የሌለው ወንበር ሻጭ እዚያ ምን ይዞ ይገባል?

ጆኮዊ የተወዳደረው በዚያው በ2005፣ በመጀመሪያው ቀጥተኛ ምርጫ ነው። የያዘው የቀድሞዋን ፕሬዝዳንት የሜጋዋቲ ሱካርኖፑትሪን ፓርቲ ነበር። 36.62 በመቶ አግኝቶ አለፈ። ልብ በል፤ አብዛኛው መራጭ ሌላ ሰው ነው የመረጠው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲደግም 90.09 በመቶ አገኘ። በመሃል ምን ተፈጠረ? ይህን የሚመልሰው የሚቀጥለው ደብዳቤ ነው።

ጥያቄ፦ «የጎዳና ነጋዴዎችን 54 ጊዜ ጋብዞ ነው ያስነሳቸው» ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ የምርጫ ሰሞን ተረት? እኔ በዕድሜዬ ምሳ የሚጋብዝ ደንብ አስከባሪ አላየሁም። (ጡረተኛ አንባቢ)

ጋሼ፣ ቁጥሩን ደጋግሞ የሚናገረው ራሱ ጆኮዊ ነው። አጠገቡ ቆሜ አልቆጠርኩም። ነገሩ ግን ተደርጓል፤ ውጤቱም ዓይን ያየው ነው።

ሶሎ መሃል ባንጃርሳሪ የሚባል መናፈሻ አለ። የነፃነት ጦርነት ሐውልት ያለበት ቦታ ነው። በ1998ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ ያጣ ሰው ሁሉ እዚያ ሸራ ወጥሮ መነገድ ጀመረ። ጆኮዊ ሲመረጥ መናፈሻው ላይ 989 ነጋዴዎች ነበሩ። ያገለገለ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ፣ አሮጌ መፍቻ፣ ልባሽ ጫማ፣ የተፈታታ ሬዲዮ ይሸጣሉ። ሣሩ ጠፍቷል፣ መንገዱ ተዘግቷል። ከእሱ በፊት የነበሩትም ሊያስነሷቸው አስበው አልሆነላቸውም። ደግሞ ሶሎ በጉልበት የምትነካ ከተማ አይደለችም። በ1998 ገበያዎቿ ነደዋል። በ1999 ማዘጋጃ ቤቷ ራሱ ተቃጥሏል። «እናስነሳችኋለን» ብሎ ቆመጥ መላክ ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል።

ጆኮዊ የነጋዴዎቹን ተወካዮች ወደ መኖሪያው ጠራ። የሶሎ ከንቲባ የሚኖረው ሎጂ ጋንድሩንግ በሚባል የቆየ የደች ቤት ነው። ተወካዮቹ መጡ። ተጠራጥረዋል፤ «ዛሬ ተነሱ ሊለን ነው» ብለዋል። ምሳ ቀረበ። በሉ። ከንቲባው ስለ መነሳት አንዲት ቃል ሳይናገር ሸኛቸው። እንደገና ጠራቸው፤ አሁንም ምሳ፣ አሁንም ወሬ፣ አሁንም ዝም። እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። እሱ እንደሚተርከው በሃምሳ አራተኛው ግብዣ ላይ «አዲስ ቦታ ላዛውራችሁ ነው» አላቸው፤ የተቃወመ አልነበረም።

እንግዲህ «ሆዳቸውን ሞልቶ አታለላቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሃምሳ ሦስቱ ምሳ ባዶ አልነበረም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነጋዴዎቹ የሚፈሩትን እየዘረዘሩ ነበር፤ «አዲሱ ቦታ ሩቅ ነው፣ ደንበኛ አይመጣም፣ ታክሲ የለም፣ ኪራዩ ይገድለናል» እያሉ። ከተማው በምሥራቅ በኩል ኖቶሃርጆ የሚባለውን ገበያ ሠራ። ሱቁን በነፃ ሰጣቸው፣ ፈቃዱንም ሰጣቸው፣ የትራንስፖርት መስመር አስገባላቸው፣ ገበያውን በማስታወቂያ አስተዋወቀላቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ «ተነሱ» መባል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ቅድም ያዝልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር።

የተነሱበት ቀን በ2006 ሐምሌ ላይ ነው። ደንብ አስከባሪ አላሳደዳቸውም። የሶሎን ነገሥታት ቤተ መንግሥት ወታደሮች የጥንት ልብስ የለበሱ ሰልፈኞች አጅበዋቸው፣ ነጋዴዎቹም አጊጠው፣ ዕቃቸውን ይዘው በከተማው መሃል በሰልፍ ሄዱ። ሠርግ ነው የሚመስለው። ሲባረር ያየነው ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው፤ እነዚህ ቀና ብለው ሄዱ።

እኔ ገበያውን አይቼዋለሁ። በ2011 ዮግያካርታ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ በባቡር ሶሎ ሄድኩ፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሶሎ ውስጥ የባቡር ሐዲዱ በዋናው ጎዳና ጠርዝ ነው የሚያልፈው። ባቡሩ ጡሩንባውን እየነፋ ከሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን ሲሄድ ሳይ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ኖቶሃርጆ ስደርስ አንድ ሻጭ የሞተር ሳይክል መስታወት ደርድሯል። ሃምሳ መስታወት፣ ሃምሳ የእኔ ፊት። በአስተርጓሚ «አንተም ከንቲባው ቤት በልተሃል?» አልኩት። ሳቀ። «እኔ አልሄድኩም፣ የማኅበራችን ሰው ነው የሄደው። ምግቡ ጥሩ ነው ብሎናል» አለ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ጠቆር አለ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ገበያው ጭር ብሎ ሊመለስ አስቦ እንደነበር ነገረኝ። ለምን እንዳልተመለሰ ስጠይቀው እጁን ወደ መሬቱ ጠቁሞ «ይህ የእኔ ነው» አለኝ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቢሆን ነው። የብስክሌት ደወል ገዛሁት። ብስክሌት የለኝም።

ጥያቄ፦ ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ካላት ከተማ ተነስቶ ጃካርታን የሚያህል ከተማ እንዴት ያዘ? አንድ ገበያ ማዛወር ይህን ያህል ያስከብራል? (የባንክ ሠራተኛ)

ብቻውን አያስከብርም። ሦስት ነገር ተገጣጠመ፤ ሁለቱ ደግሞ ከአስተዳደር ጋር ብዙም ግንኙነት የላቸውም።

አንደኛው ስድብ ነው። በ2011 የማዕከላዊ ጃቫ ገዥ የነበሩት የቀድሞው ጄኔራል ቢቢት ዋሉዮ ሶሎ ውስጥ ያረጀ የበረዶ ፋብሪካ ፈርሶ የገበያ ማዕከል እንዲሠራበት ፈለጉ። ጆኮዊ እምቢ አለ፤ ትናንሾቹን ገበያዎች ይገድላል ብሎ። ገዥው በአደባባይ «ደደብ» አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን መግለጫ ያወጣ ነበር። እሱ ምን አለ? አዎ ገና ደደብ ነኝ፣ ከብዙ ሰው መማር አለብኝ። አለቀ። ሶሎ በንዴት ተነሳች፤ ወሬው አገር አዳረሰ። ጃቫ ውስጥ ዝቅ ብሎ ማሸነፍ የታወቀ ጥበብ ነው፤ እሱ ደግሞ ተክኖበታል። ገዥው በ2013 በምርጫ ወንበራቸውን አጡ።

ሁለተኛው መኪና ነው። በ2012 መጀመሪያ ላይ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የገጣጠሙትን ኤሴምካ የተባለ መኪና የከንቲባ መኪናዬ ነው ብሎ መንዳት ጀመረ። ጋዜጠኛው ሁሉ ተረባረበ። መኪናው ጃካርታ ሄዶ የጭስ ልቀት ምርመራ ሲደረግለት ወደቀ። አያችሁ፣ ማንም ስለ ውድቀቱ አላወራም! ሰው ያስታወሰው ከንቲባው የተማሪ ሥራ ማሽከርከሩን ነው። የፖለቲካ ትርፉ እዚህ ጋ ነው፤ የቴክኒክ ኪሳራውን ማንም አልቆጠረውም። እኔን ያኔ ትንሽ ደስ አላለኝም ነበር፤ አሁን ሳስበው ምልክቱ እዚያ ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ ታሪክ ያፌዘበት ነው። ለጃካርታ ገዥነት በ2012 ሲወዳደር የደገፉት ሁለት ፓርቲዎች ነበሩ። አንደኛው የራሱ የሜጋዋቲ ፓርቲ። ሌላኛው የጄኔራል ፕራቦዎ ሱቢያንቶ ፓርቲ። አዎ፣ ኋላ ከጆኮዊ ጋር ሁለት ጊዜ ለፕሬዝዳንትነት የተፋለመው ያው ፕራቦዎ። ጆኮዊን ወደ ዋና ከተማዋ ካመጡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ሸሚዝ ለብሰው፣ አሆክ ከሚባለው ምክትሉ ጋር፣ በሁለተኛው ዙር ወንበር ላይ የነበሩትን ፋውዚ ቦዎን በ53.8 በመቶ አሸነፉ።

ጃካርታ ላይ የቻለውን ያህል ሮጠ። ሳይነገር ሳይጠበቅ ሠፈር ውስጥ ዘው ብሎ መግባት በጃቫ ቋንቋ «ብሉሱካን» ይባላል፤ እሱን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መስኮት የሚከፍት ሠራተኛ ያጣበት ቀን ነበር። የጤና ካርድ አደለ። በ2013 መጀመሪያ ጎርፍ ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት ውኃው ውስጥ ነበር። ለዓመታት ሲወራ የኖረውን የምድር ባቡር ቁፋሮ በ2013 አስጀመረ። ታናህ አባንግ ላይ ጎዳናውን የዘጉትን ነጋዴዎችም ወደ አንድ ሕንፃ አስገባ። እዚህ ግን 54 ምሳ አልነበረም፤ ጊዜ የለማ። ሕንፃው ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ፣ ነጋዴው ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ቃለ መሐላ የፈጸመው በጥቅምት 2012 ነው። በመጋቢት 2014 ለፕሬዝዳንትነት እወዳደራለሁ አለ። 17 ወር! የሶሎውንም ሁለተኛ ዘመን ሳይጨርስ ነበር ጥሎ የሄደው። ደጋፊዎቹ «አገር ጠራው» ይላሉ። እኔ ግን እላለሁ፤ አምስት ዓመት አገለግላለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ መሃል ላይ መውጣት ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ የሮክ ሙዚቃ ይወዳል ይባላል። እውነት ነው? (አንዲት ወጣት አንባቢ)

እውነት ነው፤ ያውም ሄቪ ሜታል። በ2013 የሜታሊካው ባስ ተጫዋች ሮበርት ትሩሂዮ የፈረመበት ባስ ጊታር ተላከለት። ገዥ ስለነበር ለፀረ ሙስና ኮሚሽኑ አስመዘገበ። ኮሚሽኑም የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ወሰደው። ይህን ኮሚሽን አትርሺው፤ ከዚህ በታች ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። ከተማ ላይ የሠራለት ዘዴ አገር ላይ ሠራለት? ከተማ ያፀዳ ሰው ሁሉ አገር ይመራል ማለት ነው? (መምህር)

መምህር፣ ዋናውን ጥያቄ አመጡት። ላስብበት ብዬ ደብዳቤዎን ሁለት ቀን ይዤ ቆይቻለሁ።

በ2014 ፕራቦዎን 53.15 በመቶ በ46.85 አሸነፈ። ከጄኔራሎቹም ከነባር የፖለቲካ ልሂቃንም ያልወጣ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ነበር። በአንድ ወር ውስጥ የነዳጅ ድጎማውን ቆረጠ፤ የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ6,500 ሩፒያ ወደ 8,500 ወጣ። ያንን ገንዘብ መንገድና ግድብ ላይ አፈሰሰው። ይህን ከንቲባው ጆኮዊ ነው የሠራው ማለት ይቻላል፤ ቱቦው የት እንደተደፈነ አይቶ እዚያው ይቆፍራል። በ2018 መጨረሻ ጃካርታና ሱራባያ በፈጣን መንገድ ተገናኙ። ያ ያስጀመረው የምድር ባቡር በ2019 ተከፈተ። በ2023 ጃካርታን ከባንዱንግ የሚያገናኘው ፈጣን ባቡር ሥራ ጀመረ። የሚታይ ነገር የሚወድ ሰው ነው። ካሊማንታን ደን ውስጥ ኑሳንታራ የተባለ አዲስ ዋና ከተማ ማስገንባቱንም ከዚሁ ነው የምቆጥረው።

ብሉሱካኑ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ፕሬዝዳንት ዘው ብሎ የትም አይገባም። ከእሱ በፊት ጠባቂ ይገባል፣ ካሜራ ይገባል፣ የአካባቢው ሹም አዲስ ቀለም ያስቀባል። ያኔ አንድ ጨዋታ አመጣ። ሕዝብ መሃል ቆሞ አንድ ሰው መድረክ ላይ ይጠራል፤ «እስቲ አምስት የዓሣ ዓይነት ጥራልኝ» ይለዋል። ከመለሰ ብስክሌት ይሸለማል። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ደስ ይላል። ግን ልዩነቱን ይመልከቱ። ሎጂ ጋንድሩንግ ውስጥ ከንቲባው ዝም ብሎ ነጋዴው ነበር የሚያወራው። እዚህ የሚጠይቀው ፕሬዝዳንቱ ነው፤ መልሱንም አስቀድሞ ያውቀዋል።

ስለዚህ ዘዴው አገር ላይ አልሠራም ልል ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። ዘዴውማ ሠርቷል። የተለወጠው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

17 ሺህ ደሴትና ከ270 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ምሳ አይጋበዝም። የሚጋበዙት እነማን ናቸው? መንገድ የሚዘጉት። ሶሎ ላይ መንገድ የሚዘጋው መፍቻ ሻጩ ነበር። ጃካርታ ላይ ፓርላማው፣ ጄኔራሎቹ፣ ፓርቲዎቹ፣ ባለሀብቶቹ ናቸው። ሲጀምር ፓርላማው ውስጥ አብዛኛው የተቃዋሚ ነበር። የራሱ ፓርቲ መሪ እንኳ በአደባባይ የፓርቲው ተላላኪ አድርጋ ነበር የምታወራው። እሱ አልተጣላም። አንድ በአንድ እየጠራ ወንበር ሰጣቸው። በ2019 ፕራቦዎን ዳግም በ55.5 በመቶ አሸነፈ፤ ሰው የሞተበት ረብሻ ሆነ። በአምስት ወር ውስጥ ያንኑ ፕራቦዎን የመከላከያ ሚኒስትር አደረገው! በቀጣዩ ዓመት የፕራቦዎ ምክትል ሆኖ የተወዳደረውም የቱሪዝም ሚኒስትር ሆኖ ካቢኔ ገባ። ያ ሃምሳ አራቱ ግብዣ ነው እኮ። ዝም ብሎ ማብላት፣ ማንም «አልነሳም» የማይልበት ቀን እስኪመጣ።

ግን የመፍቻ ሻጩ ምሳ ሩዝ ነው፤ የእነዚህኞቹ ምሳ ውድ ነው። በመስከረም 2019 ፓርላማው የፀረ ሙስና ኮሚሽኑን ጥርስ የሚያወልቅ ሕግ አጸደቀ። ጊታሩን የወሰደው ኮሚሽን ማለት ነው። ተማሪዎች ከ1998 ወዲህ ባልታየ ብዛት አደባባይ ወጡ። ጆኮዊ ሕጉን በድንጋጌ ሊሽረው ይችል ነበር፤ አልሻረውም። በ2019 ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀምጦ ሲያበቃ ውጭ የቀረው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ይህን ስል ሕዝቡ ጠላው ማለቴ አይደለም። ሥልጣኑን ሊለቅ ሲቃረብ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ድጋፉን ከ70 በመቶ በላይ ያደርጉት ነበር። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው መንገዱን ያያል።

ጥያቄ፦ ልጁን ምክትል ፕሬዝዳንት ያደረገው በሕግ ነው በዝምድና? (ስሜ ይቆይ)

በሁለቱም። ያውም ሕጉ ራሱ ዘመድ ነበር።

የበኩር ልጁ ጊብራን በ2021 የሶሎ ከንቲባ ሆነ። የአባቱ ወንበር፣ የአባቱ ቤት። ለፕሬዝዳንትነትና ለምክትልነት የሚጠየቀው ዕድሜ 40 ነበር፤ ጊብራን በ2023 ገና 36 ነበር። በጥቅምት 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ «40 ዓመት፣ ወይም በምርጫ የአካባቢ መሪ የሆነ» የሚል መግቢያ ከፈተ። ከንቲባነት ማለት ነው። የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ አንዋር ኡስማን ደግሞ የጆኮዊን እህት ያገቡ ናቸው። በወሩ የሥነ ምግባር ጉባኤ ከዋና ዳኝነታቸው አነሳቸው፤ ውሳኔው ግን ጸና። ጆኮዊ እጄ የለበትም ብሏል። ጊብራን የፕራቦዎ ምክትል ሆኖ ቀረበና በየካቲት 2024 በ58.6 በመቶ አሸነፉ።

እኔን በጣም ያስገረመኝ ነገር አለ። በ2005 የከንቲባ ምርጫ ለነዋሪው ሲሰጥ ማንም የማያውቀው ወንበር ሻጭ በዚያ በር ገባ። በ2023 ያው በር የፕሬዝዳንት ልጅ የሚያልፍበት አቋራጭ ሆኖ ተገኘ። በሩ አልተለወጠም። አማቹም በዚያው ጊዜ የሜዳን ከንቲባ ነበር፤ ኋላ የሰሜን ሱማትራ ገዥ ሆነ። የሜጋዋቲ ፓርቲ በታኅሣሥ 2024 አባቱንም ልጁንም አማቹንም በአንድ ቀን አባረራቸው።

ጥያቄ፦ እሱ ብቻ ነው ወይ? ሌሎች ከከንቲባነት ተነስተው አገር የመሩ የሉም?

ሞልተዋል። ኤርዶዋን ከ1994 ጀምሮ ኢስታንቡልን መርተዋል። ዣክ ሺራክ ፓሪስን 18 ዓመት ይዘው ነው በ1995 ፕሬዝዳንት የሆኑት፤ በመሃል ጠቅላይ ሚኒስትርም ከንቲባም በአንድ ጊዜ ነበሩ። ሊ ሚዩንግ ባክ ሴኡል ላይ በአስፋልት ተደፍኖ የነበረ ወንዝ ከፍተው ያንን እያሳዩ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ቪሊ ብራንት ምዕራብ በርሊንን ግንቡ ሲታጠር የመሩ ሰው ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ አምድ ይፈልጋሉ። ከፈለጋችሁ ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ አሁን የት ነው ያለው? ጡረታ ወጣ ወይስ አሁንም ከጀርባ ነው? (መምህር፣ ሁለተኛ ደብዳቤ)

ጥቅምት 20 ቀን 2024 ሥልጣኑን ለፕራቦዎ አስረክቦ በዚያው ቀን ወደ ሶሎ በረረ። ቤቱ ያለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች አብረውት ፎቶ ለመነሳት በሩ ላይ ሲሰለፉ ታይተዋል። በ2025 ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሁለት የአዲሱ ካቢኔ ሚኒስትሮች እዚያው ሶሎ ድረስ መጥተው ጎበኙት፤ ሲወጡ ለጋዜጠኞች «አለቃችን ናቸው» አሉ። ጃካርታ ውስጥ ወሬው ሳምንት ቆየ። «አሁን ያለው አለቃ ታዲያ ማን ነው?» የሚል ነበር። ጋዜጠኞቹ ምን ቀረበላችሁ ብለው ጠይቀዋቸው እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ ነበር።